የአውራ ጣቱ ቦታ

በዚያን ዘመን አሰብ ውስጥ ብሩሽ በመያዝ የሚደርስብኝ አልነበረም። ስቀባ የመርከብ ካፒቴኖች ሥራቸውን ትተው ቆመው ያዩኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራዬ ወደቡ ላይ በጭነት ሣጥኖች ላይ የከተማ ስምና ቀስት መቀባት ነበር፤ ካፒቴን ያየኝም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወደ ላይ ማሳየት የነበረበትን ቀስት ወደ ታች ቀብቼው፣ አንድ ሙሉ ጭነት ብርጭቆ ተዘቅዝቆ የተራገፈ ዕለት።

ክፍል የምጋራው ጓደኛዬ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ቴክኒሺያን ነበር። ደሴ ፎቶ ቤት ከነበራቸው ሟች አባቱ የወረሰው ካሜራ ነበረው። ጥቁር ነው፤ በቀኝ በኩል ግን ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ያለው ናስ ቢጫ ሆኖ ወጥቶ ነበር። ይቺ ቢጫ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። አሰብ ላይ ጨው የማይበላው ዕቃ የለም፤ በሩንም የብረት አልጋውንም በየጊዜው የምንቀባው ለዚህ ነው። የሚወደውን ዕቃ ሳይቀባ የሚተው ሰው እኛ ዘንድ ሰነፍ ይባላል።

«ስማ፣ ይህን ካሜራህን ላድስልህ» አልኩት።

«ተወው ባክህ፣ አትድከም።»

«ምን ድካም አለው? ሙሽራ ነው የማስመስልልህ!»

«ግዴለም ወንድሜ፣ እንዲሁ ይሻለኛል።»

«አባትህ ቢያዩት ምን ይላሉ? ልጄ አዛገው አይሉም?»

ሳቅ ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

እኛ መቼም ስንጋበዝ መጀመሪያ የምንለው «ይበቃኛል» ነው። የእሱንም እምቢታ እንደ ጉርሻ እምቢታ ቆጠርኩት። ሙቀቱ ዓሣውን ባሕር ውስጥ እንዳለ የሚቀቅል ከሰዓት ነበር፤ ላቤን እየጠረግሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፣ ደራርቤ ቀባሁት። ሲደርቅ ፊት ያሳይ ነበር።

ጓደኛዬ ሲመለስ አነሣው። አውራ ጣቱን እንደ ልማዱ ወደዚያች ቦታ ላከ። ጣቱ ተንሸራተተ።

«እዚህ ጋ የነበረውስ?»

«ዝገቱን ነው?»

«የአባቴ ጣት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ላይ ነበር የሚይዘው። እኔም ስይዘው እዚያው ላይ ነበር የማሳርፈው።»

ቀለም የሚያስለቅቀውን አኳራጅ አምጥቼ በጨርቅ ማሸት ጀመርኩ። ናሱ ተመልሶ ብቅ አለ፤ ቅርጹ ግን የጨርቅ እንጂ የጣት አልነበረም።

«ተወው፣ አትድከም» አለኝ። የዚያን ጊዜ ተውኩት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ካሜራው አልጋዬ ላይ ቀረ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ እያለከለክሁ ደረስሁበት።

«ረሳኸው!»

«አልረሳሁትም። ላንተ ይሁን።»

ካሜራው እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። እንግዳ ሲመጣ አወጣውና ስለ ካሜራ ጥበብ ብዙ አወራለሁ። አንድም ፎቶ ግን አንስቼበት አላውቅም። ፊልም ማስገባት አልችልም፤ ያኔም አልችልም ነበር።