የአምባሳደር ደቻሳ ሰላምታ

ደቻሳ አምቦ ላይ ታሪክ ሲያስተምር «ያየ ሰው ሳትጠይቁ አንዲት መስመር እንዳትጽፉ!» እያለ ተማሪ ያስጨንቅ ነበር። በ2008 አምባሳደር ሆኖ ባሕር ማዶ ሲሻገር ግን፣ ምላስ አጥንት የለውምና፣ ጋዜጠኛ በመጣ ቁጥር ማንንም ሳይጠይቅ «አገሩ ሰላም ነው» ማለት ለመደ። ይህንኑ በቴሌቪዥን በሚልበት ሰሞን የእህቱ ልጅ ገመቺስ እጃጂ ከተማ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ።

ደቻሳ ለቅሶ የደረሰው ከዓመት በኋላ ነው። ከረባቱን መኪና ውስጥ ፈትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ። «አከም ጅርቱ» ብሎ በሰላምታ የተቀበለው ሰው አልነበረም። እህቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ አፉ ለምዶበት፣

«አያንቱ እህቴ፣ ሰላም ነው?» አለ።

አያንቱ ቀና ብላ አየችው።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ልጄን ስቀብር ሰላም ነው ያልከን አንተ አይደለህ?»