ከነዕቃው ያከራየሁት ቤት

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ባለቤቴ ከድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ወደ አዲስ አበባ በተዛወረበት ዓመት ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል። ቤቱን ለማከራየት የሚያማክረኝ ሰው በመጣ ቁጥር ግን ትዝ ይለኝና ልቤ ይከብዳል።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍልና ሰፊ በረንዳ ያላት ቤት ነበረችን። ባዶዋን እናከራያት ወይስ ከነዕቃዋ በሚለው አልተስማማንም። ባለቤቴ «ዕቃውን ሸጠን ባዶዋን እንስጥ፤ ባዶ ቤት ጭቅጭቅ የለውም» አለ። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። አንድ ግሪክ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠልን ብፌ፣ ባለመስታወት ቁም ሳጥንና ባለ ሞላ አልጋ ነበረኝ። በድሬ እንደኔ ዓይነት ዕቃ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ባቡር ላይ ተጭኖ እንዲላላጥ አልፈለግሁም፤ ለመሸጥም አንጀቴ አልቆረጠም። ለሰው ግን «ከነዕቃው ሲሆን ኪራዩ ይሻላል» እላለሁ። ባለቤቴም «አንቺ ያገባሽው ብፌውን ነው» ብሎ ስቆ ተወኝ።

ተከራይ ሆኖ የመጣው ዩሱፍ የሚባል ሶማሌ፣ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሚስቱ ፋጡማ፣ አራት ልጆችና ወገባቸውን የሚያማቸው እናቱ አሉ። እናትየው ለመርፌ ስለሚመላለሱ ቤታችን ለሐኪም ቤቱ ቅርብ መሆኗን ወዶታል።

«እህቴ፣ ባዶውን ስጪን አቦ! እኛ ምንጣፋችን ይበቃናል» አለኝ።

«ከነዕቃው ካልሆነ አላከራይም» አልኩት። ለእናቱ ሲል እሺ አለ።

ቁልፉን ያስረከብኩ ዕለት እያንዳንዱን ዕቃ እያሳየሁ አዞርኳቸው። ይሄ እንዳይጫር፣ ያ ውሃ እንዳይነካው፣ አደራ፣ አደራ! ዩሱፍ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አማና ነው ወላሂ» አለኝ። አደራችሁን ተቀብያለሁ ማለቱ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ባቡሬን ተሳፈርኩ።

ቤቱን ካከራየሁ በዘጠነኛው ወር ለዘመድ ሰርግ ድሬ ወረድኩ። እውነቱን ልናገርና ከሙሽራዋ ይልቅ የናፈቀኝ ዕቃዬ ነበር። ሳልነግራቸው በጠዋት ሄጄ አንኳኳሁ።

ፋጡማ ከፈተችልኝ። እናትየው በረንዳው ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ በተነጠፈ ሰሌን በጎናቸው ተኝተዋል። ድሬ ሞቃት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ለታመመ ወገብ ሲሚንቶ ያው ሲሚንቶ ነው። ትንሿ ክፍል ውስጥ የቤተሰቡ መኝታ ሁሉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ዕቃዬ የለም። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ «ዕቃዬስ?» አልኩ።

ፋጡማ ከሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ቁልፍ ፈትታ ትልቁን ክፍል ከፈተችው። ሁሉም እንደተውኩት ነው። ብፌውም፣ ቁም ሳጥኑም፣ አልጋውም ነጭ አቡጀዲ ለብሰዋል። ለካ በየሳምንቱ አቧራቸውን ጠርጋ መልሳ ትቆልፍባቸዋለች። ያኔ የተሰማኝን ስናገር አፍራለሁ፤ ደስ አለኝ። አቡጀዲውን እየገለጥኩ አንድ በአንድ አየሁ። ጭረት የሚባል የለም።

ከክፍሉ ስወጣ እናትየው ለመነሳት ግድግዳውን ይዘው ሲታገሉ አየኋቸው። አቃታቸው። ፋጡማ ሮጣ ደገፈቻቸው።

«እሳቸው ለምን አልጋው ላይ አይተኙም?» አልኳት።

ገርሟት አየችኝ። «የሰው አማና ላይ እንዴት ይተኛል አቦ? አንቺ ጠብቁልኝ አልሽ እንጂ ተኙበት መች አልሽ?»

«ታዲያ ኪራይ የምትከፍሉት ለምኑ ነው?»

«ለቤቱ ነዋ!»

ትልቁን ክፍል ለዕቃዬ ለቀው፣ ሰባት ሰዎች በአንዲት ጠባብ ክፍልና በበረንዳ ዘጠኝ ወር ኖረዋል።

ዩሱፍ ከሱቁ ሲመጣ ለመንኩት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ተኙበት፣ ተቀመጡበት፣ ከፈለገም ይሰበር» አልኩ። ሦስታችን ደግፈን እናትየውን አልጋው ላይ አስተኛናቸው። ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉና በሶማልኛ አንድ ነገር ብለው ሳቁ። ምን እንዳሉ ዩሱፍን ጠየቅሁት።

«በሰርጌ ቀን እንኳ እንዲህ ያለ አልጋ አላየሁም ትላለች» አለኝ።

ወር ሳይሞላ የዩሱፍ ደብዳቤ አዲስ አበባ ደረሰኝ። እናቱ አርፈዋል። እስከ መጨረሻዋ ቀን ሲመርቁኝ እንደነበር ጽፎልኛል። ከታች ደግሞ፣ «አልጋውን አጽድተን እንደነበረ አድርገነዋል። አቡጀዲውንም አልብሰነዋል። ስለ ዕቃሽ አታስቢ» ይላል።

አለቀስኩ። ባለቤቴ «መጨረሻቸውን አሳምረሽላቸዋል እኮ» እያለ ሊያጽናናኝ ሞከረ። አልተጽናናሁም። ዩሱፍ ባዶውን ስጪን ሲለኝ ሰጥቼው ቢሆን፣ እናቱ ቢያንስ ክፍል ውስጥ በተኙ ነበር። ከነዕቃው ባከራይም እንኳ «ተጠቀሙበት» የምትል አንዲት ቃል ብጨምር ይበቃ ነበር።

እሳቸው መርቀውኝ ሞቱ። ምርቃታቸው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ።