በሠናይት ስም የተሰጠ እሺታ

ሠናይት እምቢ ማለት አትችልበትም። ይህን የምለው ላሞግሳት አይደለም፤ አሥራ አንድ ዓመት በጉርብትና ስንኖር ሲያናድደኝ የቆየ ጠባይዋ ስለሆነ ነው። ጃንጥላዋን የተዋሰ ሰው ክረምቱን ሙሉ ይዞባት ይከርማል፤ እሷ ላስቲክ ተከናንባ ገበያ ትወጣለች። አስም ይዟት ከፋብሪካ ሥራ ስትሰናበት እንኳ የመሸኛውን ዳቦ ጋግራ የሄደችው ራሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ የምትተዳደረው ጫጩት በማስፈልፈል ነው። መቶ ሃያ እንቁላል የሚይዝ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሣጥን አላት። እንቁላሉ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ያልተቋረጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ለሚያውቅ ሰው መንገር አያሻም። ሁለት ዙር በደህና ወጣላት። ሦስተኛውን ዙር ሙሉዬ የምትባል የጫጫ ነጋዴ ገና ሳይፈለፈል ጠቅልላ ያዘችው። ከተሳካ የዘወትር ደንበኛ ልትሆን፣ ካልተሳካ ሌላ ቦታ ልትሄድ ተነጋገሩ። ሠናይት ሌላ ገቢ የላትም።

በዚሁ መሐል ወንድሟ ወልደኪዳን ሥራ አገኘ። እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ሠላሳ አራት ሞልቶታል፤ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ እሷው ዘንድ ሲበላ ነው የቆየው። የተሰጠው ሥራ ለአንድ የመብራት ፕሮጀክት ቤት ለቤት እየዞሩ ፈቃደኞችን መመዝገብ ነበር። ኤሌክትሪካችን ከውሃና ከነፋስ ነው የሚመጣው፤ ነፋሱ ሲደክምና አመሻሽ ላይ ሁሉም ምድጃውን ሲሰካ አይበቃም። ያን ጊዜ የፈቀዱ ቤቶች መብራት ለሁለት ሰዓት ከሩቅ ይዘጋል፤ ለሌላው ይዳረሳል። አስቀድሞ በስልክ መልእክት ይላካል፦ አንድን የነካ ተስማማ፣ ሁለትን የነካ እምቢ አለ፣ ዝም ያለ አይዘጋበትም። ለተስማማው ስልክ የኢንተርኔት ጥቅል ይሰጠዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ሁሉ በኋላም ጥሩ ነው እላለሁ።

መጀመሪያ የፈረመችው ሠናይት ናት። ሣጥኑ ውስጥ እንቁላል ካለ ሁለትን እንደምትነካ ስትነግረው፣ መልእክቱ የሚላከው ለዚሁ ነው ብሎ አረጋጋት። ከዚያ እየዞረች አስፈረመችለት። የሰፈሩ ሰው የፈረመው ለእሱ ሳይሆን ለእሷ ብሎ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ መነጽሬን እንኳ ሳላወጣ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ዙር፣ በአሥራ ስድስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ። መብራት መሄድ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ሠናይት ከሰል አቀጣጥላ ውሃ እያፈላች በሃይላንድ ሞልታ ሣጥኑ ውስጥ ደረደረች፤ ቤት ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ አለበሰችው። በማግስቱም ሄደ፤ በሦስተኛውም ቀን ደገመ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ግን መብራቱ ቦግ ብሎ ይታየን ነበር። መስመሩ ሌላ ይሆናል ብለን ተውነው። መልእክት ስላልደረሰን ከፈረምንበት ነገር ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም።

ከመቶ ሃያው ዘጠኝ ብቻ ወጡ። ሠናይት ሁለት ቀን ጨምራ ጠብቃ አንዱን እንቁላል ሰበረችው፤ ውስጡ ላባ ያበቀለ ጫጩት ሞቶ አገኘች። ሙሉዬ ባዶ ካርቶኖቿን ይዛ ወደ ጫጫ ተመለሰች።

ሠናይት የፈረመችው ነገር ትዝ ያላት ያኔ ነው። ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ የሄደችው ግን ልትከስ አይደለም፤ መልእክቱ ለምን እንደማይደርሳት ልትጠይቅ ነው። እዚያ ያገኘቻት ፍቅርተ የምትባል ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየችና፣ መልእክቱ እንደደረሰ፣ ሦስቱንም ቀን አንድ ተነክቶ እንደተመለሰ ነገረቻት። ሠናይት እኔ አልነካሁም አለች። ልጅቷ የተመዘገበውን ስልክ ቁጥር ጮክ ብላ አነበበችላት። ሠናይት ያንን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሲም ካርዱን የገዛችለት እሷ ናት።

"ይኼ ቁጥር የአሥራ ሰባት ቤት ስልክ ተብሎ ነው የተመዘገበው" አለች ፍቅርተ። "የዘመድ ነው?"

ሠናይት ደጅ ወጥታ ለወንድሟ ደወለችለት። አልካደም። ጥቅሉን ፈልጎ እንደሆነ፣ ሁለት ሰዓት ምንም አያመጣም ብሎ እንዳሰበ ነገራት። እንቁላሉ ሣጥን ውስጥ መሆኑን ታውቅ አልነበረም ወይ ስትለው እንዲህ አላት፦

"እትዬ፣ አንቺ መቼ እምቢ ብለሽ ታውቂያለሽ? ቢጠይቁሽም እሺ ነበር የምትይው። እኔ የመለስኩት ያንቺኑ መልስ ነው።"

ይህን በኋላ ነው የነገረችኝ። ጥቅሉ ገደል ይግባ። ሃያ ሰባት ዓመት ከእጇ የበላ ሰው ከደግነቷ የተማረው ይህንን ብቻ መሆኑ ነው የማይዋጥልኝ።

ቢሮው የእሷን ቁጥር ወዲያው ቀየረላት። የሌሎቹን ቤቶች ግን እያንዳንዱ ባለቤት ራሱ መጥቶ ማስቀየር አለበት ተባለች፤ ፍቅርተ የፈረምንባቸውን ወረቀቶች ቅጂ አውጥታ ሰጠቻት። ሠናይት ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ወደ ጎረቤት መጣች። የመጀመሪያው በር የእኔ ነው። ጎመኔን እየኮተኮትኩ ቀና ስል ወረቀት ይዛ ቆማለች። ምን አውቄ፤ ደስ ይበላት ብዬ፣

"የሚፈረም ካለ አምጪው እንጂ። አንቺ ካመጣሽው ምኑ ይጠየቃል" አልኳት።

እንደዚያ ቀን ሰው ስታይ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ፤ አላለቀሰችም። ስትጨርስ የእኔን ወረቀት መርጣ ሰጠችኝ። ከፊርማዬ በላይ የወልደኪዳን ስልክ በጉልህ ተጽፏል።

"እኔስ ወንድሜ ነው ብዬ ነው ያላነበብኩት፣ ጋሽ ዘሥላሴ" አለችኝ። "እርስዎ ለምን አላነበቡትም?"

መነጽሬን ከኪሴ አወጣሁ። እሷ የቀሩትን ወረቀቶች ይዛ ወደሚቀጥለው በር ሄደች።