የሚንጣጣው አዲስ ሸክላ

ይህ የደረሰብን በቀይ ሽብር ዘመን፣ ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ስንኖር ነው። ያን ጊዜ የነርስነት ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በሥራዬ ብዙ ደም አይቻለሁ። ሰው ሲጮህ ስሰማ ግን ዛሬም ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ጠዋት ነው።

ወላጆቻችን ስለሞቱ የምኖረው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነበር። ጋሼ ነው የምለው። ቫዮሊን አስተማሪ ነበር። አብሮት ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ከነማጫወቻው ሰጥቶት ሄደ። ሙዚቃው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተቀዳ የአንድ ቫዮሊን ተጫዋች ሥራ ነው። የጥንቶቹ ሸክላዎች እየተሰበሩ ስላለቁ፣ ከተረፈው አሮጌ ቅጂ ላይ ገልብጠው እንደ አዲስ አሳትመውታል። ስለዚህ ሸክላው ያብረቀርቃል፣ ድምፁ ግን ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ይንጣጣል። ጋሼ ለዚያ ግድ አልነበረውም። "ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ! ግን ስሚው፣ ሲተነፍስ እኮ ይሰማል" ይለኝ ነበር።

የቤት ለቤት አሰሳ የታወጀ ዕለት ጠዋት ሦስት አብዮት ጠባቂዎች በራችንን በእርግጫ ብለው ገቡ። ፍራሻችንን በሳንጃ ዘነጠሉት። ምንም ሳያገኙ ሲቀሩ አለቃቸው ሸክላውን አነሳና ጋሼን "አጫውት!" አለው።

ጥቂት እንዳዳመጠ ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ የሚንጣጣው ምንድን ነው?"

"ጭረት ነው። ቀረጻው የድሮ ስለሆነ ነው" አለ ጋሼ።

"ሸክላው አዲስ! አዲስ ዕቃ እንዴት ይንጣጣል? የምስጢር መልእክት ነው!"

ጋሼ ሊያስረዳው አፉን ሲከፍት በሰደፍ አሉት። ጥርሱ ከደም ጋር ደረቱ ላይ ወደቀ።

እሱን እያዳፉ፣ እኔን "ማስረጃውን ተሸከሚ" ብለው ማጫወቻውን አሸክመው ወደ ቀበሌ ወሰዱን። ግቢው ውስጥ እጅና እግሩን አስረው አጋደሙት። ሸክላውን ከፈቱት። ሙዚቃው በተንጣጣ ቁጥር አለቃው "አሁን ምን አለ? ለማን ነው?" እያለ ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፈዋል። ቆዳው ተላጠ። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኩ። አንዱ በጫማው አንገቴን ረግጦ ያዘኝ። በመጨረሻ የጋሼን ግራ እጅ ፈትተው የቀበሌው ቢሮ ደረጃ ላይ ዘረጉትና በሰደፍ ጣቶቹን ቀጠቀጧቸው። ሲሰበሩ ሰምቻለሁ።

ያኔ ነው አንድ ሽማግሌ በበሩ የገቡት። ከቀበሌው ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው፤ ከእግዜር ሰላምታ በቀር አንተዋወቅም። በእጅ የሚጠመዘዝ አሮጌ ግራሞፎን ታቅፈዋል።

"ምን ፈለጉ?" አለ አለቃው።

"ጩኸቱ ቤቴ ድረስ ይሰማል። የምትሉትንም ሰማሁ። እስቲ ይሄንንም ስሙልኝ" አሉ።

መሬት ላይ አስቀምጠው ጠመዘዙት። ሁላችንም የምናውቀው የድሮ የአማርኛ ዘፈን ነበር። እሱም ይንጣጣል፤ እንዲያውም ብሶ። አንደኛው ጠባቂ ሳያውቀው ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር መንቀሳቀስ ጀመረ። አለቃው አየው።

"የድሮ ድምፅ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ። ታዲያ እኔም ሰላይ ልሁን?" አሉ ሐጂ።

አለቃው ግራሞፎኑን በእርግጫ ሰባበረው። ከዚያ ዞሮ ሐጂን ፊታቸው ላይ በሰደፍ መታቸው። ተዝለፍልፈው ወደቁ። የእኛንም ሸክላ ጉልበቱ ላይ ሰበረውና ወደ ጋሼ እየጠቆመ "ውሰጂልኝ ይሄን ሬሳ!" ብሎ ጮኸብኝ።

ጋሼ ተረፈ። ጣቶቹ ግን ተጣመው ስለጠገጉ ቫዮሊን ዳግመኛ አልያዘም። ሐጂ አንድ ዓይናቸው ጠፋ።

ሲሻላቸው ላመሰግናቸው ሄድኩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በእጃቸው ከለከሉኝና አለቀሱ።

"መጀመሪያ ሲጮህ ሰምቼ ወጥቼ ነበር፤ ፈርቼ ከቀበሌው በር ተመለስኩ። ያኔ ብገባ ጣቱ ይተርፍ ነበር። ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

አብሬያቸው አለቀስኩ።

ሐጂ ካረፉ ቆዩ። ያ አለቃ ዘመኑ ካለፈ በኋላም እዚያው ሰፈር ሲመላለስ አየው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። የሰበረን ሰው ዝም ብሎ፣ ያዳነን ሰው ይቅርታ ጠየቀን። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።