በእናት ስም የሚፈልገው ማውጫ

ስትሠራም ታልማለች። ጣቷ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ዓይኗ መስኮቱ ላይ፤ ሐሳቧ የት እንደደረሰ ፈጣሪ ይወቀው። አክስቷ «ደመና» ያለቻት ለዚህ ነው፤ ስሙም በዚያው ጸደቀላት።

ይቺ አክስት የክሊኒኩን ካርድ ክፍል ይዛ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ካርዶቹን በፊደል ተራ መች አስቀመጠቻቸው! እናትን ከነልጆቿ ነው የደረደረችው። «ልጅ የሚፈለገው በእናቱ ነው» ትላለች፤ ማንም አይከራከራትም። ታዲያ አደራደሩን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ዓይኗን ደግሞ ሞራ እየጋረደው ነው። አርብ ጡረታ ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ታማሚ ቢመጣ ካርዱን ማን ያገኘዋል? ደመናን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው፤ አክስቷ በጭንቅላቷ የያዘችውን ሁሉ እስከ አርብ ፋይል ውስጥ ማስገባት አለባት።

ጸሐፊዎቹ ካርዶቹን አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስገብተው ጨርሰዋል። የቀረው ማውጫው ነበር። ላይብረሪ የሚሉትን፣ ሌሎች ጽፈው ለሁሉም የተዉትን የፕሮግራም ስብስብ ይዛ ሁለት ማውጫ ሠራች፤ አንዱ በካርድ ቁጥር፣ ሌላው በእናት ስም የሚፈልግ። አቧራው በጠዋቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ ሲንሳፈፍ እያየች፣ ካርዶቹ ከየመሳቢያቸው ወጥተው እናት እናታቸውን ሲከተሉ ታያት። ደስ አላት፤ ብቻዋን ሳቀች።

«በይ እስቲ የዳቦ ጋጋሪዋን ልጆች አምጪልኝ» አለች አክስትየዋ ወንበር ስባ።

ደመና የሴትየዋን ስም ጻፈች። አንድ ልጅ ብቻ መጣ።

«ወይ ጉድ! ሰባት ናቸው እኮ! ስድስቱን ምን ዋጣቸው?»

ደመና አፈረች። ላይብረሪው ካልተነገረው በቀር በአንድ ስም የሚይዘው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ አዲስ ልጅ በገባ ቁጥር የፊተኛውን እየሰረዘ ትንሹን ብቻ አስቀርቷል። ለአንዲት እናት ብዙ ልጅ እንዲፈቅድ አንዲት መስመር ጨመረችና ፋይሉን እንደ አዲስ ገነባችው። ሰባቱም ተሰልፈው መጡ።

«እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለች አክስትየዋ።

አንዴ ስለሠራ ግን አይታመንም። የማውጫውን መልስ ከሚጠበቀው ጋር የሚያመሳክር ሙከራ የሚጻፈው ደግሞ መልሱን አስቀድመው በሚያውቁት ነገር ነው። ደመናም ፈጽሞ የማትጠራጠርበትን መረጠች፤ የሟች እናቷን፣ የአክስቷን ታላቅ እህት ስም። የሚጠበቀው መልስ፣ ሁለት፤ እሷና ታናሽ ወንድሟ። አስነሳችው።

ሙከራው ወደቀ። ማውጫው ሦስት ልጅ አመጣ።

«አሁንም ተሳሳተ!» አለች ደመና። «ነገ አርብ ነው፤ ምን ይዋጠኝ!»

አክስትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አልተሳሳተም፣ የኔ ልጅ» አለች።

ተነሥታ በዳበሳ አንድ መሳቢያ ሳበች። ከእናትየው ካርድ ቀጥሎ፣ ከደመና ካርድ በፊት፣ አንዲት ስስ ካርድ ነበረች። ሴት ልጅ። የኖረችው አሥራ አንድ ቀን። ደመና ዕድሜዋን ሙሉ በኩር ስትባል ነው ያደገችው።

«እናትሽ ‹ስሟን አታንሱብኝ› አለች፤ አላነሣንም። እኔ ግን ከቦታዋ አላስነሣኋትም። ዓይኔ ቢደክምም በእጄ አገኛታለሁ።»

ደመና አክስቷን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። ሲወጣላት ፊቷን ጠርጋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ፋይሉን አልነካችውም። ሙከራው ውስጥ «ሁለት» የሚለውን አጥፍታ «ሦስት» ብላ ጻፈችና እንደገና አስነሳችው።

አለፈ።