ጾመኛዋ ሰንጢ

ይስማው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንጀራው የሰው ኪስ መዳበስ ነበር። ሌባ ግን አልነበረም። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥበቃ ሆኖ፣ ባለጉዳዩን እየፈተሸ ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው። ስለት ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ፣ ሰንጢ የያዘ ሁሉ ለይስማው አስረክቦ ይገባል፤ ሲወጣ ይቀበላል። ደንቡ ይኸው ነው። ዳሩ ግን ግቢው የኋላ በር አለው። ጉዳዩ ያልተሳካለት ሰው ደግሞ እየተራገመ በቀረበው በር ነው የሚወጣው። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ባለቤቶቻቸው ያልተመለሱላቸው ሰንጢዎች በይስማው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተጠራቀሙ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሸጦ ጠላ በጠጣባቸው ነበር። ይስማው ግን ፍቅር ያዘው። ባለጉዳይ በማይኖርበት የምሳ ሰዓት ሳጥኑን ከፍቶ እጀታን ከእጀታ ሲያስተያይ ይውላል። ስለቱ ግድም አይሰጠው። «ስለት ሁሉም ያው ነው። ስለ ሰውየው የሚነግርህ እጀታው ነው» ይላል። ከመዘዞ የመጡት ሰንጢዎች የጽድ እጀታ አላቸው፤ ስንት ዓመት ኪስ ውስጥ ከርመውም ሲያሸቷቸው ትናንት የተጠረቡ ይመስላሉ። የጣርማ በር ሰዎች የበግ ቀንድ ይወዳሉ። ብርድ ያደነዘዘው እጅ እንዳያዳልጠው ሸካራውን ሳይፍቁ ይተዉታል። የደብረ ሲና የከባድ መኪና ሾፌሮች ሰንጢ ደግሞ ቀይ ፕላስቲክ ነው። መቀስ ያወጣል፣ ጠርሙስ መክፈቻ ያወጣል፣ የጥርስ መጎርጎሪያ ሳይቀር ያወጣል። ይስማው እሱን ሲያይ አፍንጫውን ይነፋል፤ «ይሄ ሰንጢ አይደለም፣ ሱቅ ነው» ብሎ ወደ ዳር ይገፋዋል።

ከሁሉ የሚኮራው ግን ዓይኑን ጨፍኖ እጀታ በመለየቱ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ በሻርፕ ዓይኑን አስረው ይፈትኑታል፤ እሱ ደግሞ ዳበስ አድርጎ ይነግራቸዋል። ወይራውን፣ ጽዱን፣ አጥንቱንስ ማንም ይለየዋል። የሰው ዓይን ሳይቀር የሚያታልሉት የበሬ ቀንድና የጎሽ ቀንድ ናቸው፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ልሙጥ። ይስማው ለዚህም መላ ነበረው። «የበሬ ቀንድ የቤት ልጅ ነው፤ እጅህ ገና ሲነካው ይሞቃል። ጎሽ ግን ሞቶም ሰው አይለምድም፤ ይዘኸው ብትውል ቅዝቃዜው አይለቀውም» ይላል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም ነበር። ይህን ለራሱም ለሰውም ደጋግሞ ስለተናገረው፣ አለመሳሳቱ ከስሙ ጋር የወጣለት ያህል ሆኖ ነበር።

አንድ ቀን፣ አሁን አሥራ አራት ዓመት ይሆነዋል፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ከአልዩ አምባ መጡ። አብዱልሀሚድ ይባላሉ፤ የበርበሬና የጥጥ ነጋዴ ነበሩ። ተፈተሹና ከኪሳቸው አንዲት ጥቁር ሰንጢ አወጡ። በእጁ አልሰጡትም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት። ስለት በእጅ ከተቀባበሉት ያጣላል ይባላልና፣ ይስማው ሰውየው ወግ አዋቂ መሆናቸውን ከዚያው ተረዳ። አንስቶ ያዛት። የጎሽ ቀንድ ናት፤ በሁለት የናስ ምስማር የተመታች፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በእርጅና የጎደጎደ።

«ልጄ፣ ይህች ጾመኛ ናት» አሉት።

«ምን አሉኝ አባቴ?»

«ሥጋ አታውቅም። የእኛንም የእናንተንም። አንኮበር ካለ ወዳጄ ከተክለጊዮርጊስ ጋር በጋራ የገዛናት ናት። ገበያ ስንገናኝ ብርቱካን እንቆርጥባታለን፣ ሸንኮራ እንልጥባታለን። የእኔን ሥጋ ብትነካ እሱ አይበላባት፤ የእሱን ብትነካ እኔ አልበላባት። እንግዲህ ምን ታድርግ፣ ትጾማለች። እስክመለስ ሥጋ እንዳታስነካብኝ፣ አደራ!»

ይስማው በሆዱ ሳቀ፤ በጥበቃ ደመወዝ ሥጋ ከየት አግኝቶ ነው የሚያስነካት? ቢሆንም አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነውና «በእመብርሃን፣ አላስነካትም» ብሎ ማለ። ሽማግሌው ገቡ። በይስማው በር ግን አልወጡም። በማግስቱም በወሩም አልመጡም። ይስማው በአንኮበር በኩል የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ ሲጠይቅ ቆይቶ፣ አንድ ሾፌር «ሽማግሌው ቆላ ልጃቸው ዘንድ ወርደዋል» ብሎ ነገረው። ከዚያ በኋላ ሰንጢዋን በነጭ መሐረብ ጠቅልሎ ለብቻዋ አኖራት። እርሳስ እንኳ አልቀረጸባትም።

ባለፈው ዓመት ይስማው ጡረታ ወጣ። በሩ ላይ ጢጥ የሚል የመፈተሻ ዱላ የያዘ ወጣት ቆመ። አዲሱ ኃላፊ «ያን የዝገት ሳጥን ከዚህ አንሱልኝ፣ ጣሉት» ሲል፣ ይስማው ለምኖ አርባ አንዱንም ሰንጢ ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሰርካለም ወገቧን ይዛ አየችው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ሲሻር ሰንጢ ታቅፎ የሚገባ ግን ገና ዛሬ አየሁ!» አለችው።

ይስማው ሳጥኑን አልጋው ጥግ አስቀመጠ። ያን ሰሞን ቤት መዋሉ ራሱ ክፉኛ ከብዶት ነበር። ጠዋት ተነስቶ ካፖርቱን ይለብስና የሚሄድበት ያጣል። የግራ ዓይኑን የዓይን ሞራ ሸፍኖት፣ ቀኙም መድከም ጀምሯል። ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ እጀታዎቹን እየዳበሰ፣ ይሄ የመዘዞው ነው፣ ይሄ የዚያ በርኖሱን በር ላይ ረስቶ የሄደው ገበሬ ነው እያለ ይውላል። የመጣው ሰው ሁሉ፣ የተለዋወጠው ሰላምታ፣ የተሰማው እሮሮ በእጁ በኩል ይመለስለታል። ያ በር ናፍቆት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ዘንድሮ ለፋሲካ የልጅ ልጁ ሊያ ከአዲስ አበባ መጣች። የቅዳም ሹር ዕለት ሰንጢዎቹን አይታ ጉድ አለች። «አባባ፣ እነዚህንማ ሰው ማየት አለበት!» ብላ አንድ በአንድ መስኮቱ ደፍ ላይ እያስቀመጠች በስልኳ ፎቶ አነሳቻቸው። ጾመኛዋን ከመሐረቧ አውጥታ አነሳቻት። ሁልጊዜ መስኮቱ ደፍ ላይ የምትቀመጠውን የቤቱን ሥጋ መቁረጫ፣ ባለ በሬ ቀንዷን ሰንጢም አነሳቻት። ሥዕሎቹን «ባለቤት ያጡ ሰንጢዎች» ብላ ፌስቡክ ላይ ለቀቀች። ስትመልስ ግን የበሬ ቀንዷን በመሐረቡ ጠቀለለችና የጎሽ ቀንዷን መስኮቱ ደፍ ላይ ትታት ሄደች። ልጅት ምን ታድርግ? ሁለቱም ጥቁር ናቸው።

በማግስቱ፣ በፋሲካ ቀን፣ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። በጉ ታርዶ ተሰቅሏል። ሰርካለም «ኧረ እንግዶቹን ቁረጥላቸው!» ስትለው ይስማው እጁን ወደ መስኮቱ ሰደደ። ሰንጢዋን ያዘ። ዓይኑ ደብዛዛ ስለሆነ በእጁ ዳበሳት፤ ሞቃለች። የሞቀች ደግሞ የበሬ ቀንድ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተማረው ይህንኑ አይደል? ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲያሞቃት መዋሉን ልብ አላለም። ሥጋውን ቆረጠ፣ አጎረሰ፣ እሱም በአዋዜ እያጠቀሰ በላ። እንግዶቹ «ስለቷ ጉድ ነው!» እያሉ አደነቁለት።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ከወጡ ወዲያ እንደ ልማዱ ሳጥኑን ከፍቶ መሐረቡን ፈታ። ውስጡ ያለችውን ጨበጣት። ጨብጦ ጥቂት ቆየ። በመዳፉ ውስጥ ሞቀች። ይስማው ክው አለ።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አለች ሰርካለም።

«ጾመኛዋን አስገደፍኳት።»

ነገሩን ሲነግራት አፏን ያዘች፤ ወዲያው ግን ተረጋጋችና «በሙቅ ውኃ እጠባት፣ በአመድ ፈትጋት፣ መልሰህ ጠቅልላት። ማን አየህ? ቢጠይቁህ ዓይኔን ግንባር ያድርገው በል» አለችው።

«አደራ በላ ሲባል ስሰማ ኖሬ፣ ዛሬ እኔው በላሁ። ያውም በአዋዜ!» አለ ይስማው። ሰርካለም ልትስቅ ቃጥቷት ፊቱን አየችና ተወችው።

እንዲያ ሆኖ ቢቀር ይስማው ከራሱ ጋር ብቻ ተጣልቶ በኖረ ነበር። በሳምንቱ ግን ሊያ ከአዲስ አበባ የደወለች መስሎት ያነሳው ስልክ የሌላ ሰው ሆነ። «አሰላሙ አለይኩም፣ ሰአዳ እባላለሁ፣ ከአልዩ አምባ ነው የምደውልልዎ፤ ቁጥርዎን ፌስቡክ ላይ ከልጅዎ ጠይቀን ነው» አለች ሴትዮዋ። አባቷ አብዱልሀሚድ በሕይወት አሉ፤ ከቆላ ተመልሰው እሷ ዘንድ ነው ያሉት። የጎረቤት ልጅ ፌስቡክ ላይ ያገኘውን ሥዕል ሲያሳያቸው ከተኙበት ቀና ብለው «ጾመኛዬ!» ብለዋል።

«አንድ ነገር ጠይቂልኝ እያሉ ነው፤ እስካሁን ትጾማለች ወይ?»

«አዎ» ማለት ምን ያህል ቀላል ነው። ይስማው «ይዣት እመጣለሁ» ብቻ ብሎ ዘጋ።

ቅዳሜ ዕለት ካፖርቱን ለበሰ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ካፖርቱ የሚሄድበት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። በሚኒባስ አንኮበር ደረሰ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን በሌላ መኪና ተያያዘው። መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ጉሙ እየቀረ፣ አየሩ እየሞቀ ሄደ። ይስማው መጀመሪያ ሻርፑን፣ ቀጥሎ ካፖርቱን አወለቀ። ኪሱ ውስጥ ሰንጢዋን እንደጨበጠ ነው። ትጾማለች ብላቸውስ? ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ይሞታሉ፤ ደግሞስ ሰንጢ አፍ የለው። እንደገና ደግሞ ያን የበሩን ጠረጴዛ ያስታውሳል። አንድ ሰው ብቻ አምኖት አደራ ቢሰጠው፣ እሱንም እንዲህ አደረገው። አልዩ አምባ ሲደርስ ገና አልወሰነም ነበር።

አብዱልሀሚድ ግድግዳ ተደግፈው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሰአዳ ብርቱካን በሳህን አምጥታ መካከላቸው አስቀመጠች። ይስማው መሐረቡን ፈታና ሰንጢዋን ምንጣፉ ላይ አኖራት። ሽማግሌው አንስተው አውራ ጣታቸውን በጎድጓዳው ላይ አሳረፉ። ጣቱና ጎድጓዳው ልክ ለልክ ገጠሙ። ይስማው ይህን ሲያይ መዋሸት አቃተው።

«አባቴ፣ ገድፋለች። በፋሲካ ቀን በገዛ እጄ በግ ቆረጥኩባት። የበሬ ቀንዷ መስላኝ ነው። በእመብርሃን ምዬልዎ አደራዎን በላሁ።»

ሰአዳ ወደ አባቷ ዞረች። ሽማግሌው ሰንጢዋን ገልብጠው አዩዋት።

«አውቀህ ነው ሳታውቅ?»

«ሳላውቅ።»

«እሷስ አውቃ ነው?»

ይስማው ቀና ብሎ አያቸው።

«በእኛ ዘንድ፣» አሉ አብዱልሀሚድ፣ «በረመዳን ረስቶ የበላ ሰው ጾሙ አይፈርስም። አላህ ነው ያበላው፤ ጾሙን ይቀጥላል። ሰአዳ፣ ውሰጂና እጠቢያት። ጾሟን ትቀጥል።»

ሰአዳ በሳሙና አጥባ፣ ጠርጋ አመጣችና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት። ሽማግሌው ሊያነሷት ሞክረው እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ ወደ ይስማው ገፋ አደረጓት። ይስማው አንዱን ብርቱካን ለሁለት ከፈለ። ግማሹን ለሳቸው ሰጥቶ ግማሹን እሱ ያዘ። እየበሉ ሳለ አብዱልሀሚድ «ያን ቀን አልረሳኋትም» አሉት።

«እ?»

«ትቻት ነው የሄድኩት። ብርቱካን እንቆርጥባታለን አልኩህ እንጂ፣ ተክለጊዮርጊስ ከሞተ አርባው ወጥቶ ነበር። ለልጆቹ ውርስ ልመሰክር ነበር የመጣሁት። መስክሬ ስጨርስ፣ ይዣት ወጥቼ ከማን ጋር ልበላባት ነው ብዬ አሰብኩ። የኋላውን በር ጠይቄ ወጣሁ።»

ይስማው ብርቱካኑን ሳህኑ ላይ መለሰው። ይህን ሁሉ ዓመት በፊት ለፊት በር ቆሞ ሲጠብቃቸው የኖሩት ሽማግሌ፣ አውቀው ነበር በኋላ በር የሄዱት። አላፈረም። አላዘነም። እንባው ግን መጣ።

መኪናው ሳያመልጠው ሊነሳ ሲል ሰንጢዋን አጥቦ ሽማግሌው አጠገብ አኖራት። አብዱልሀሚድ በጣታቸው መልሰው ገፏት።

«አንተ ዘንድ ትክረም። እኔ ዘንድ ከቆየች ሰአዳ በስህተት ሽንኩርት ትከትፍባታለች» አሉ። ሰአዳ ከጓዳ ሆና «ኧረ አባዬ!» አለች። ሽማግሌው ቀጠሉ፤ «ለገበያ ቀን ይዘሃት ና።»

ይስማው በመሐረቡ ጠቀለላት። ወደ አንኮበር የሚወጣው መኪና ውስጥ ጉሙ ሲጀምር ካፖርቱን መልሶ ለበሰና፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው የአልዩ አምባ ገበያ ቀን መቼ እንደሆነ ጠየቀው።