ሐሞት ነው የተባለው ጨጓራዬ

ከሰመመን ስነቃ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ቆርጣችሁ ያወጣችሁትን አሳዩኝ» የሚል ነበር። ነርሷ ሳቀች። እኔ የምሬን ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሲያዘኝ የኖረውን፣ ፍርፍሩን ሳልጨርስ ሳምቡሳ የሚያስመኘኝን ጌታዬን አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ማየት መብቴ መሰለኝ።

«ለምርመራ ሄዷል» አለችኝ።

ሄዷል! ቻው እንኳን ሳይለኝ።

ወፍራም ነበርኩ። «ደልደል ያለች» ምናምን እያላችሁ አታቆላምጡኝ፤ መቶ አርባ አንድ ኪሎ ደልደል ማለት አይደለም። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ድረስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ግማሽ ቂጡ አየር ላይ ነበር። ይሄንንስ ለምጄዋለሁ። ስኳሬ ከፍ ማለት ሲጀምር ነው የደነገጥኩት። አመጋገብ ሞከርኩ፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ ሞከርኩ፣ ገመድ ስዘል ደግሞ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ኮርኒሳችን ወረደ ብለው መጡ። በመጨረሻ ዶክተሩ ወረቀት ላይ ጨጓራ ሳለልኝ። እንደ ከረጢት የተነፋ ነገር። «ይሄን ሁሉ ቆርጠን እናወጣለን» አለና በእስክሪብቶው አጠቆረው፤ «የሚቀርልሽ ሙዝ የሚያህል ነው።» እኔ በዚያው ቀን ተኝቼ ለመቆረጥ ዝግጁ ነበርኩ። ችኩል ነኝ።

እናቴ ግን ሌላ ጭንቀት ነበራት። ከብሎካችን ሥር ሱቅ አላት፤ ስኳርና ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሁሉ ወሬም ይዞ ይመጣል።

«ሐሞት ጠጠር ነው የምንለው» አለችኝ።

«ለምን እንዋሻለን?»

«ሰው የሚበላው አጥቶ ጦሙን እያደረ፣ የሷ ልጅ ከጥጋብ ብዛት ሆዷን አስቆረጠች ይበሉኝ?»

«ይበሉዋ!»

«አንቺ ምን አለብሽ፤ ሱቅ የምቀመጠው እኔ።»

ስለዚህ ሐሞት ሆነ።

ሆዴ ላይ አምስት ትንንሽ ቀዳዳ ነው የበሱት። ለሥራ እንዲመቻቸው አየር ነፍተውኝ ስለነበር አየሩ ተንፏቆ ትከሻዬ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ቁስሌን ረስቼ ትከሻዬን ስይዝ ዋልኩ። የግሉኮሱን ማንጠልጠያ እየገፋሁ ኮሪደሩን ስዞር፣ ነርሷ በተገናኘን ቁጥር «አየር ወጣልሽ?» ትለኛለች። በማግስቱ ጠዋት ወጣልኝ። አጨበጨበች። በሕይወቴ ፈስቼ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስወጣ ዶክተሩ ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቀኝ። «ለሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ። ፈሳሽ! የምታኝኪው ነገር አንድ ጉርሻ ብትውጪ ስፌቱ ሊፈታ ይችላል። ከተፈታ ተመልሰሽ የኦፕራሲዮኑ ጠረጴዛ ላይ ነሽ፤ ያኔ ደግሞ እንዲህ አንሳሳቅም።»

ቤት ገባሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ሰክሬ ነበር ብል ይቀለኛል። ረሃብ ጠፋ። በቃ የለም! አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ሾርባ ግማሽ ሰዓት ስመጥጣት እቆያለሁ፣ ከዚያ እንደ ሠርገኛ እጠግባለሁ። ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እንደገና እወጣለሁ። እናቴ «ይሄ ሚዛን በአንቺ መመላለስ ያልቃል» ትለኛለች። በዐሥረኛው ቀን ስምንት ኪሎ ወርጄ ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ አንገቴን ሳገኘው «አለህ እንዴ?» አልኩት።

ችግሩ ጠያቂ ነው። እኛ አገር የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ብርቱካን መጣ፣ ለስላሳ በሳጥን መጣ፣ መሀሉ ላይ ቅቤ የተንጣለለበት ገንፎ መጣ። እናቴ እያመሰገነች ተቀብላ «አሁን ገና በላች፣ ሲርባት እሰጣታለሁ» እያለች ወደ ጓዳ ታስገባዋለች። ዘዴው እስከ ዐሥረኛው ቀን ሠራ።

በዐሥረኛው ቀን፣ እሁድ፣ እትዬ መጡ።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። አቃቂ በሰቃ ገበያ ቅቤና ቆጮ ይሸጣሉ። የሴት ልጃቸው መልስ ላይ እናቴ «ዕቃ የሚራገፍልኝ ቀን ነው፣ ሱቅ ዘግቼ አልመጣም» ስላለች አኩርፈው፣ ከዓመት በላይ ደጃችንን አልረገጡም። እናቴ ስልክ ደውላ ነበር፤ አላነሱም። ሰው ልካ ነበር፤ ሰውየውን ቡና አጠጥተው መልሰውታል። በሽታ ሲመጣ ግን ኩርፊያ አይሠራም፤ የታመመ ሳይጠይቁ መቅረት ከማኩረፍም በላይ ነውር ነው። እንደሚመጡ ሲሰማ እናቴ የሶፋውን ልብስ ሦስት ጊዜ አንጥፋ ሦስት ጊዜ አነሳችው። «አደራሽን» አለችኝ፤ «ዛሬ እንኳን ደስ ብሏቸው ይሂዱ።»

በአንድ እጃቸው በፎጣ የተጠቀለለ ጣባ፣ በሌላው በኮባ ቅጠል የታሰረ ቆጮ ይዘው ገቡ። እህትማማቾቹ ተሳሳሙ፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ፣ ግን መሳም ነው። ሁለት ጎረቤቶቻችንም ተቀምጠዋል። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ውይ ልጄን! ከሳሽ!»

እሳቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ እኔ ጥርሴን መሰብሰብ አቅቶኛል። ከሳሽ! እስቲ ይድገሙት!

ፎጣውን ፈቱት። ክትፎ። ቅቤው፣ ኮረሪማው፣ ሚጥሚጣው። ዐሥር ቀን ሾርባ ብቻ ያየ አፍንጫዬ ከፊቴ ተነቅሎ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

«አሁን ገና በላች፣ እትዬ» አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

«እኔ ሳላጎርሳት ምን በላች ይባላል?»

«ለሐሞት ቅቤ አይሆንም ይባል የለ እንዴ?» አለች አንዷ ጎረቤት።

«ወጥቶ የለ! የወጣ ሐሞት ምን ያገባዋል?»

በቆጮ ጠቅልለው የሚኒባስ ማርሽ ጭንቅላት የሚያህል ጉርሻ ሠሩ። ቀኝ እጃቸው አፌ ሥር፣ ግራ እጃቸው እንዳይንጠባጠብ ከሥሩ። «በሞቴ! አፈር ስሆን!»

እናቴን አየኋት። ዓይኗ ቁስሌ ላይ ነው፤ መልሳ ደግሞ እህቷን ታያለች። የቱን እንደምታተርፍ አላወቀችም። እኔም አላወቅኩም። ጉርሻቸውን ብመልስ ዓመት የፈጀው ኩርፊያ ሌላ ዓመት ሊጨመርበት ነው። ብውጠው ደግሞ ጠረጴዛው አለ።

አፌን ከፈትኩ። ጎረስኩና ጉንጬ ውስጥ ወሸቅኩት።

ብልጠት መስሎኝ ነበር። ቅቤ ግን መቅለጥ አለ! ቀስ እያለ ወደ ጉሮሮዬ መንሸራተት ጀመረ። ምራቄ ጎርፍ ሆነ። ጎረቤቷ ደግሞ ዛሬ ካልጠየቀች ያመልጣት ይመስል «ለመሆኑ ጠጠሩ ስንት ነበር?» አለችኝ።

«እምም» አልኩ፣ በጣቴ ሦስት አሳየኋት።

እትዬ ሁለተኛውን እየጠቀለሉ ነው። «አንድማ ያጣላል። ዋጪው እንጂ፣ ምን ታንከባልይዋለሽ?»

አንዷ የቆጮ ክር አመለጠችኝና ወደ ታች አመራች። ዶክተሩ ጣቱን ቀስሮ ታየኝ። ቱፍ! መዳፌ ላይ ተፋሁት።

የታላቅ ሰው ጉርሻ፣ በሰው ፊት፣ መዳፌ ላይ።

«ሐሞት አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ጨጓራዬን ነው ያስቆረጥኩት፣ ለመቅጠን! ይሄን ብውጠው ስፌቱ ይፈታል!»

«ወይ ጉድ!» አሉ ሁለቱም ጎረቤቶች፣ በአንድ አፍ።

እትዬ እኔን አላዩኝም። እናቴን ነው ያዩት። «ለጎረቤትሽ ሐሞት በያቸው። ለኔ? ለእህትሽም ሐሞት?» ነጠላቸውን አጣፉና ወጡ።

እናቴ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። እኔ በነጠላ ጫማ ተከተልኳቸው። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ያንን ደረጃ በሕይወቴ ሮጬበት አላውቅም፣ ያን ቀን ሮጥኩ።

«እትዬ! ይጠብቁኝ!»

«አትሩጪ!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። «ይፈታል አላልሽም እንዴ?»

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንኩ ብለሽ ነው የተቆረጥሽው?»

«ስኳሬ ጀምሮኝ ነበር። ጉልበቴንም ያመኛል።»

«እኔንም ጉልበቴን ያመኛል። ቆርጬ ጣልኩት?» ሆዴን አዩና፣ «ምን ያህል ተረፈሽ?»

«ሙዝ የሚያህል።»

«የቱ ሙዝ? የአርባ ምንጩ ነው ትንንሾቹ?»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ቢይዙትም ትከሻቸው አላርፍ አለ። እኔም ሳቅኩ፤ አምስቱም ቀዳዳዬ አብሮኝ ጮኸ። ከዚያ እንደ ጀመሩት ድንገት አቆሙ።

«ምነው ደበቀችኝ? እኔ ምን እላለሁ ብላ?»

«አፍራ ነው።»

«በኔ?»

«በኔ» አልኩ። እስክናገረው ድረስ እንደማውቀው አላውቅም ነበር። «ስወፍርም ታፍር ነበር፣ ስቆረጥም አፈረች።»

የጨበጥኩትን እጄን ያዙና ፈለቀቁት። ክትፎው እዚያው ነው፤ ቅቤው እስከ ክርኔ ወርዷል። ከቦርሳቸው ሶፍት አውጥተው ጣት በጣት ጠረጉልኝ፣ እንደ ሕፃን።

«ሐኪምሽ ክትፎ መቼ ነው የፈቀደልሽ?»

«ከሁለት ወር በኋላ። በደንብ በስሎ፣ በሻይ ማንኪያ።»

«በስሎ! በሻይ ማንኪያ!» ከስፌቴም ከሐሞቱም ይበልጥ ይሄ አሳዘናቸው። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «በይ ደግፊኝ። ወደ ላይ።»

እናቴ ጣባውን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ልትመልስላቸው ይሁን ልትለምናቸው እንጃ። ዓይኗ ቀልቷል። ጎረቤቶቹ አልሄዱም፤ ማን ይሄዳል?

እትዬ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። «ነይ እዚህ» አሉ። እናቴ መጣች፤ ሃምሳ ዓመቷ ነው፣ እንደ ተማሪ ፊታቸው ቆመች። ለኔ ከሠሩት የሚበልጥ ጠቀለሉ።

«ይቺ ለሐሞትሽ።»

ጎረሰች። ጉንጯ ተወጠረ። ሳትጨርስ ሁለተኛው ተዘጋጀ።

«ይቺ ለልጄ መልስ።»

እንባና ቅቤ አገጯ ላይ ተደባለቁ። ጎረቤቶቹ እያሸበሸቡ ነው ብል ይቀለኛል፤ እኔ ግድግዳው ላይ ተደግፌ በሁለት እጄ ስፌቴን ይዣለሁ፣ ሳቅ ሊፈታው ነው። እናቴ እንደ ምንም ብላ ዋጠች፣ የእህቷን ጉልበት ያዘች፣ «እትዬ፣ ይቅር…» ልትል አፏን ስትከፍት ሦስተኛው ገባ።